ስለ ምክር አጀማመርና ስለ ሥነ ልቡና ሕክምና ልዩ ልዩ መንገዶች

የሰው ልጅ ከባድ ኀዘን፣ ፍርሀት ወይም የልብ መጨነቅ በደረሰበት ጊዜ በሀገራችን ልማድ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ነፍስ አባቱ ነው። ልማዱ የተመሰገነ ነው፤ ሰውን ከብቸኝነት ያወጣዋልና። ነገር ግን ወደ ነፍስ አባቱ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚሻው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። አንዱ ኃጢአቱን ሊናዘዝ ይመጣል፤ ሌላው ስለ ትዳሩ ወይም ስለ ልጆቹ ምክር ሊጠይቅ ይመጣል፤ ሦስተኛው ግን መታመሙን እንኳ ሳያውቅ ሕመሙን ሊያወራ ይመጣል። የመጀመሪያው ንስሓ፣ ሁለተኛው ምክር፣ ሦስተኛው ሕክምና ያስፈልገዋል። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው የሚገኙበትም ጊዜ ብዙ ነው። ካህን ሦስቱን ለይቶ ካላወቀ፣ ምእመንም የሚያንኳኳውን በር ካልለየ፣ በመልካም ሐሳብ የተጀመረው ነገር ጉዳት ያመጣል።

ይህን የምንጽፈው ጉዳቱ በእኛም እጅ ስለ ደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጇ የሞተባት አንዲት እናት በየሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ትመጣ ነበር። እንቅልፍ እንዳጣች፣ እህል እንደማይዋጥላት፣ ቤቷን መጥረግ እንኳ እንደ ተራራ እንደ ከበዳት ትነግረን ነበር። እኛም ኀዘን ያለ ነው ብለን ጸሎት እንድታበዛ፣ ስግደትም እንድትጨምር አዘዝናት። የታዘዘችውን ልትፈጽም ባልቻለች ጊዜ፣ በኀዘኗ ላይ «እኔ ኃጢአተኛ ነኝ፤ እግዚአብሔርም ጠልቶኛል» የሚል ሌላ ሸክም ጨመረች። ስምንት ወር ያህል እንዲህ ከቆየች በኋላ አንድ ቀን እኅቷ መጥታ፣ «አባቴ፣ እርስዎን እንዳታሳዝን ብላ ነው እንጂ፣ እርስዋ እኮ ሞትን ትመኛለች» አለችን። ስምንት ወር ሙሉ ስንመክራት ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀናት አናውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ሐኪምና ወደ አማካሪ መሄድ የእምነት ጕድለት ነው የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ይህን ለሚል ሰው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ስለ ማክበርና መድኃኒትን ስላለመናቅ የሚያስተምረውን እንዲያነብ እንመክረዋለን። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ቂሳርያ ድኆችና ሕሙማን የሚረዱበትን ቤት አሠርቶ ሐኪሞችን ማስቀመጡ የታወቀ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅም በስደት ሳለ፣ ከ404 እስከ 407 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ኦሎምፒያስ ለምትባለው ዲያቆናዊት ጻፋቸው ከሚባሉት መልእክቶች 17ቱ እስከ ዛሬ አሉ። ኦሎምፒያስ በእርሱ መሰደድ ምክንያት ከባድ ኀዘን ወድቆባት ነበር። ታላቁ ሰባኪ በረጃጅም መልእክቶቹ ኀዘኗን አንድ በአንድ ይመረምርላታል፤ የራሱን ሕመምና ድካም ሳያፍር ይነግራታል፤ ደግሞም ሥጋዋን ችላ እንዳትል፣ በልዩ ልዩ ሐኪሞችና በመድኃኒት እንድትጠቀም አጥብቆ ይለምናታል። ነቢዩ ኤልያስም በበረሓ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ ያመጣለት ተግሣጽ አልነበረም፤ እንጎቻና ውሃ ነበር፤ እንቅልፍም ነበር። የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አማካሪዎች ነበሩ፤ ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

እንግዲህ ስሞቹን እንለይ። የአእምሮ ሐኪም የሚባለው ሕክምና ተምሮ ከዚያም በአእምሮ ሕመም የሠለጠነ፣ መድኃኒት ማዘዝ የሚችል ነው። የሥነ ልቡና ባለሙያ የሚባለው የሰውን ጠባይና ሐሳብ ያጠና ነው፤ ከነዚህም ውስጥ በንግግር ለማከም የሠለጠኑ አሉ። አማካሪ የሚለው ስም ግን ሰፊ ስለ ሆነ፣ በዩኒቨርሲቲ ተምሮ የተመረቀውንም፣ ጥቂት ሳምንት የሠለጠነውንም፣ ራሱን በራሱ የሾመውንም ይጨምራል። ስለዚህ ምን እንደ ተማሩና የት እንደ ሠለጠኑ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የንግግር ሕክምና ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ካልለየናቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሚነሣው ከ1856 እስከ 1939 የኖረው የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ፍሮይድ ዮሴፍ ብሮየር ከተባለ ሐኪም ጋር በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ፣ እውነተኛ ስሟ ተሸሽጎ «አና ኦ» የተባለች የብሮየር ታካሚ አለች። ይህች ሴት ሕመሟን በመናገሯ ቀለል ሲላት ጊዜ ነገሩን «የንግግር ሕክምና» ብላ ጠራችው፤ እየቀለደችም የጭስ ማውጫ መጥረግ ትለው ነበር። የፍሮይድ ትምህርት በአጭሩ፣ ሰው ከራሱ የሸሸገው ነገር አይጠፋም፤ በሕልም፣ በሥጋ ሕመም፣ በጠባይም መስሎ ተመልሶ ይመጣል የሚል ነው። ስለዚህ ታካሚው ወደ ልቡ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ እንዲናገር ያደርጋል። በጥንቱ ሥርዓት ይህ በሳምንት አራትና አምስት ጊዜ፣ ለብዙ ዓመታት ይደረግ ነበር። ዛሬ ከዚያው የወጣው ሕክምና ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ፍሮይድ በ1927 ባወጣው መጽሐፍ ሃይማኖትን ከሰው ምኞት የተወለደ ነገር አድርጎ መናገሩ ይታወቃል። እኛ ይህን አንቀበለውም። ነገር ግን ሐኪሙ ስለ ሃይማኖት መሳሳቱ፣ ስለ ተሸሸገ ቍስል የተናገረውን ሁሉ ውሸት አያደርገውም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ያገራችን ተረት ከቪየና ሰዎች የሚቀድም ይመስለናል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ኋላ ብዙ አይቈፍርም። ፍርሀት የተማሩት ነገር ከሆነ መርሳትም ይቻላል ይላል። በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን ምግቡን እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከሩቅ እያስቀመጠች፣ በየቀኑም ጥቂት በጥቂት እያቀረበች፣ በመጨረሻ ሕፃኑ እንዲዳስሰው አደረገች። የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ዮሴፍ ዎልፔ ደግሞ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር ለአዋቂዎች ሥርዓት አድርጎ አቀረበው። በመኪና አደጋ ተርፎ ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ መውጣት ያቃተው ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ በቆመ መኪና ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ቀጥሎ ጥቂት እንዲጓዝ፣ ቀጥሎም ራቅ ብሎ እንዲሄድ ይደረጋል። የዚህ መንገድ ዋና ትምህርት፣ ሰው የሚፈራውን ነገር በሸሸ ቍጥር ፍርሀቱን እንደሚቀልብ ማሳየቱ ነው።

ሦስተኛው በዛሬው ዘመን እጅግ የተስፋፋው ነው። ከ1921 እስከ 2021 የኖረው የፊላደልፊያው ሐኪም አሮን ቤክ በፍሮይድ መንገድ የሠለጠነ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት ድባቴ የያዛቸውን ሰዎች ሲያክም፣ በልባቸው በፍጥነት የሚያልፉ፣ እነርሱም የማይመረምሯቸው ሐሳቦች እንዳሉ አስተዋለ። ምሳሌ እንስጥ። አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ ጎረቤቱ ሰላም ሳይለው ያልፋል። ወዲያው «ንቆኛል» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል፤ ቀጥሎም «የሚወደኝ ሰው የለም» ይላል፤ ወደ ቤቱ ገብቶም በሩን ይዘጋል። ሐኪሙ «አትዘን» አይለውም። ይልቁንም «ጎረቤትህ ስለ መናቁ ማስረጃህ ምንድን ነው? ሐሳብ ይዞት፣ ወይም ሳያይህ ቀርቶ ቢሆንስ? ነገ አንተ ቀድመህ ሰላም ብትለው ምን ይሆናል?» እያለ አብሮት ይመረምራል፤ በሳምንቱም የሚሠራውን የቤት ሥራ ይሰጠዋል። ይህ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 በሚደርስ ቀጠሮ ይፈጸማል።

በ399 ያረፈው ኤዋግርዮስ በግብፅ በረሓ ስምንቱን ክፉ ሐሳቦች ቈጥሮ መጻፉን፣ የበረሓ አባቶችም ደቀ መዛሙርቶቻቸው የልባቸውን ሐሳብ ለአረጋዊ እንዲገልጡ ማዘዛቸውን የሚያውቁ አንዳንድ ሊቃውንት፣ «ይህ ከእኛ የተወሰደ ነው» ይላሉ። እኛ በዚህ ለመመካት አንቸኩልም። አባቶች ሐሳብን የመረመሩት ልብ ንጹሕ ሆኖ ወደ እግዚአብሔር እንዲቀርብ ነው፤ ቤክ የመረመረው ሕሙም ከአልጋው እንዲነሣ ነው። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ስፍራ ቢገናኙም መድረሻቸው ልዩ ነው።

አራተኛው ለእኛ ለካህናት እጅግ የሚከብደው ነው። ከ1902 እስከ 1987 የኖረው አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ በወጣትነቱ ኒው ዮርክ በሚገኝ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያህል ተምሮ፣ ከዚያ ወደ ሥነ ልቡና ጥናት የተሻገረ ሰው ነው። በ1957 በጻፈው ጽሑፍ፣ ሰው እንዲለወጥ የሚያደርገው የአማካሪው ጥበብ ሳይሆን፣ ችግረኛውን በእርሱ ቦታ ሆኖ መረዳቱ፣ ያለ ፍርድ መቀበሉና አማካሪው ራሱ አስመሳይ አለመሆኑ ነው አለ። ያለ ፍርድ መቀበል ማለት ሥራውን ሁሉ ማጽደቅ ማለት አይደለም፤ ሰውዬው ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ አለመቸኰል ማለት ነው። እኛ ግን ለመናገር የሠለጠንን ነን። አንድ ሰው ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ጥቅስ እንጠቅስለታለን። ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከላይ ስለ ነገርናችሁ እናት ስንጽፍ ስንት ጊዜ እንዳቋረጥናት አስታውሰን ነው።

ቪክቶር ፍራንክል፣ እርሱም የቪየና ሐኪም፣ በምእመናን ዘንድ ይወደዳል። አይሁዳዊ በመሆኑ በ1942 ተግዞ በናዚዎች የመከራ ሰፈሮች፣ በአውሽዊትዝም ጭምር፣ ታስሮ ወላጆቹን፣ ወንድሙንና ሚስቱን አጥቶ ወጣ። በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው የሚኖርለት ዓላማ ካለው እጅግ ከባድ መከራን መሸከም እንደሚችል አስተማረ። ይህ ለእኛ ቅርብ ትምህርት ነው። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፤ የመከራውን ትርጕም ሕሙሙ ራሱ ያገኘዋል እንጂ አማካሪው ከኪሱ አውጥቶ አይሰጠውም። የልጇን መቃብር ላልደረቀባት እናት «ለበጎ ነው» ማለት ፍራንክልን መከተል አይደለም።

ሌላው፣ ጄራልድ ክለርማንና ማይርና ዋይስማን የተባሉ አሜሪካውያን በ1970ዎቹ ያዘጋጁት፣ ሕመሙ የጀመረው ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት በየትኛው በኩል እንደ ሆነ የሚጠይቅ መንገድ ነው፤ ከሞት ኀዘን ነውን? ከጠብ ነውን? ከኑሮ መለወጥ፣ ማለት ከስደት፣ ከጡረታ፣ ከመውለድ ነውን? ወይስ ሰው ከማጣት ነው? ይህ መንገድ ለእኛ ኑሮ የሚስማማ መሆኑን የሚያሳይ ምስክር በጎረቤት ይገኛል። በኡጋንዳ በማሳካና በራካይ አውራጃዎች በመንደር የሚኖሩ በድባቴ የተያዙ ሰዎች፣ ሐኪም ባልሆኑ ነገር ግን በሠለጠኑ ያገራቸው ሰዎች መሪነት፣ ለ16 ሳምንት በማኅበር ተሰብስበው ተነጋገሩ። በ2003 የታተመው የጥናቱ ውጤት፣ ሕመማቸው ሕክምናውን ካላገኙት ይልቅ እጅግ እንደ ቀነሰ አሳየ። በዚምባብዌም ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከ2006 ጀምሮ አረጋውያት ሴቶችን አሠልጥኖ፣ ከጤና ጣቢያ ደጅ በተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ላይ የሰውን ችግር እንዲያዳምጡና ችግሩን አብረው እንዲፈቱ አደረገ። የዚህም ጥናት በ2016 ታትሞ ጥቅሙ ተመስክሮለታል። የዚያ ሀገር ሰዎች ሕመሙን ሲጠሩት ቃሉ «ማሰብ ማብዛት» ማለት ነው። በእኛስ «ሐሳብ ገደለው» ይባል የለምን?

ባልና ሚስትን ወይም መላውን ቤተ ሰብ በአንድነት የሚያነጋግር ሕክምናም አለ። ከሽማግሌ የሚለየው፣ ሽማግሌ ጥፋተኛውን ለይቶ ካሳ አስከፍሎ ማስታረቅን ሲሻ፣ ይህ ግን ጠቡ በምን መንገድ እየተመላለሰ እንደሚነሣ ለማሳየት መሞከሩ ነው።

አሁን ለነፍስ አባቶች ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመውን አንድ ነገር እንናገር። አንድ ምእመን የተናዘዘውን ኃጢአት በሳምንቱ ደግሞ ይናዘዘዋል፤ «ምናልባት አጕድዬ ተናግሬ ይሆናል» ይላል። ለመቍረብ ተዘጋጅቶ ሳለ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ ብሎ ይመለሳል። ጸሎቱን አንዲት ቃል ሳስቻለሁ ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እኩለ ሌሊት ያልፈዋል። እጁን ደጋግሞ ይታጠባል። ይህን ሰው ስናይ መጀመሪያ የምናደንቀው በትጋቱ ነው። ነገር ግን ትጋት ደስታ አለው፤ ይህ ሰው ግን ፍርሀት እንጂ ደስታ የለውም። ይቅር ተብለሃል ስንለው ለአንድ ሰዓት ወይም ለአንድ ቀን ያርፋል፤ ከዚያም ጥርጣሬው በርትቶ ይመለሳል። ይህ ብዙ ጊዜ በሕክምና የታወቀ ሕመም ነው፤ ሐሳብ ሳይወዱት እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ ሰውም ጭንቀቱን ለማብረድ አንድን ነገር እየደጋገመ የሚያደርግበት ሕመም ነው።

ለዚህ ሕመም የሚረዳውን ሕክምና ቪክቶር ሜየር የተባለ የሎንዶን የሥነ ልቡና ባለሙያ በ1966 በጻፈው ጽሑፍ አሳይቷል። ሕሙሙ የሚያስፈራውን ነገር እያየ፣ ፍርሀቱን የሚያበርድበትን ድርጊት ግን እንዳያደርግ ይረዳል፤ ጭንቀቱ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። እዚህ ላይ የነፍስ አባት ሳያውቅ የሕመሙ ረዳት ሊሆን እንደሚችል ማስተዋል ያስፈልጋል። ያንኑ ኃጢአት በየሳምንቱ ሰምቶ በየሳምንቱ የሚያጽናና ከሆነ፣ ማጽናናቱ ለሕሙሙ እንደ እጅ መታጠቡ ይሆንበታል። ስለዚህ በሕሙሙ ፈቃድ የነፍስ አባቱና ሐኪሙ ተነጋግረው፣ «ይህን አንድ ጊዜ ተናዝዘሃል፤ ሁለተኛ አልሰማህም፤ የማልሰማህ ስለ ተቈጣሁህ ሳይሆን ስለምወድህ ነው» ማለት ይገባል። ይህን ማለት ለካህን ቀላል አይደለም፤ የሚያለቅስ ሰው ከፊታችን ቆሞ ሳለ ጽኑ መሆን ጭካኔ ይመስላልና። እንዲህ ላለው ሰው ስግደትና ጾም መጨመር ደግሞ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው።

ከነዚህ መንገዶች የሚሻለው የትኛው ነው ለሚል መልሱ እንደ ሕመሙ ነው። ለተመላላሽ ሐሳብና ለፍርሀት የሚፈራውን ነገር በማየት የሚሰጠው ሕክምና ይቀድማል። ለድባቴ የቤክም፣ የክለርማንና የዋይስማንም መንገድ ተፈትኖ ረድቷል። ሳውል ሮዘንዝዋይግ የተባለ አሜሪካዊ ገና በ1936፣ ልዩ ልዩ መንገዶች ሁሉ የሚረዱት በሚጋሩት ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም በታካሚውና በአማካሪው መካከል ያለው መተማመን ከውጤቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ የመንገዱ ስም ብቻ ሳይሆን የሰውዬው ነገርም መታየት አለበት።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚገጥመው ቢያውቅ ፍርሀቱ ይቀንስለታል። ቀጠሮው ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። አማካሪው ምን እንዳመጣው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ እንቅልፉንና ምግቡን፣ ቤተ ሰቡን፣ መጠጥና ጫት፣ የወሰደውንም መድኃኒት ይጠይቀዋል። ስለ ሞት ሐሳብም ይጠይቀዋል፤ በዚህ አይደንግጥ። ሁሉን በአንድ ቀን መናገር ግዴታ የለበትም። እርሱም በተራው ሊጠይቅ ይገባዋል፤ በየትኛው መንገድ ነው የሚረዱኝ? ስንት ጊዜ ያህል እመጣለሁ? ዋጋው ስንት ነው? እየተሻለኝ መሆኑን በምን እናውቃለን? ጾሜንና ጸሎቴን የማያቃልል ነውን? መልካም አማካሪ በዚህ ጥያቄ አይቈጣም፤ የሚቈጣ ከሆነ ያን ማወቅም ጥቅም ነው። አማካሪ የግድ የራሳችን ሃይማኖት ተከታይ መሆን የለበትም፤ ሃይማኖታችንን የሚያከብር ግን መሆን አለበት። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ እፎይታ ሳይሆን ድካም የሚሰማቸው ብዙዎች ናቸው፤ ቍስል ሲነካ ያማልና። ሦስትና አራት ጊዜ ሳይሄዱ መፍረድ ያስቸኵላል። ከዚያ በኋላም የማይስማማ ከሆነ፣ በይሉኝታ ዝም ብሎ ከመቅረት በግልጥ ተናግሮ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ምስጢርን በሚመለከት ልዩነቱ ይታወቅ። የንስሓ ምስጢር የታተመ ነው። አማካሪም ምስጢር ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊገድል ነው፣ ወይም ሕፃን ይጐዳል ብሎ በሚያሰጋው ጊዜ ለሚያድነው ሰው ሊናገር እንደሚችል ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይገልጣል። በእኛ ዘንድ «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አነጋገር የበረታው ምስጢር በመንደር ስለሚዞር ነው፤ ስለዚህ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅ ጠባብነት አይደለም።

«አማኑኤል» የሚለው ስምም ብዙዎችን ያስፈራል። በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ሲኖር፣ ለረጅም ዘመን በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበረ። ሰው ግን የተቀደሰውን ስም ለስድብ ማድረጉ ያሳዝናል። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ በሌሎችም ሆስፒታሎች ይህ ሕክምና ይገኛል፤ ሆኖም ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም በከተማ ነው። በገጠር ያለ ካህን እንግዲህ አስቀድሞ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ማን እንዳለ ቢያውቅ መልካም ነው።

ጸበልን በተመለከተ ክርክሩ ሊኖር አይገባም ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ በይፋ አስረድተዋል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹን መድኃኒቶች በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሳል፤ አንዳንዱም ሌላ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ ጸበል ሊጠመቅ የመጣ ሕሙም መድኃኒቱን እንዲጥል የሚያዝዝ ሰው በሌላው ነፍስ ይጫወታል። ጾምም ለሕሙማን እንደሚቀልል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲውጥ የነፍስ አባቱ ራሱ በቃሉ ቢፈቅድለት፣ ሕሙሙ ከሐኪሙ ይልቅ ይሰማዋል።

ስለ ሞት ሐሳብ ደግሞ እንጨምር። «ብጠይቀው ያላሰበውን አሳስበዋለሁ» የሚል ፍርሀት አለ። ጥናት የሚያሳየው ይህ ፍርሀት ልክ እንዳልሆነ ነው፤ ብዙዎች በመጠየቃቸው ያርፋሉ። ቃሉ ቀጥተኛ ይሁን፤ «ልጄ፣ ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» ይባል። አዎን ካለ፣ በምን መንገድ እንዳሰበ ይጠየቅ፤ መርዝ፣ ገመድ ወይም የጦር መሣሪያ ከአጠገቡ ይራቅ፤ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። «ኃጢአት መሆኑን አታውቅምን?» የሚለው ቃል ግን በዚያ ሰዓት አፉን ይዘጋዋል።

በውጭ ሀገር ለሚኖሩት ወገኖቻችን አንድ ነገር እንበል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓም ሆነ በሌላ ሀገር አማርኛ የሚችል አማካሪ በማይገኝበት ስፍራ በአስተርጓሚ መነጋገር ይቻላል፤ ዛሬም ራቅ ብሎ ካለ ባለሙያ ጋር በስልክና በምስል መነጋገር የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን ልጅ ለእናቱ አስተርጓሚ አይሁን፤ እናት የልጇን ጆሮ ስትፈራ ዋናውን ነገር ትተወዋለች። የአነጋገራችንም ጠባይ ይነገራቸው፤ «ሆዴ ባሰኝ» ያለችውን ሴት ሆዷን የመረመረ ሐኪም ቢኖር ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

ወደዚያች እናት እንመለስ። እኅቷ በነገረችን ቀን አብረናት ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላት፤ አንዲት የሥነ ልቡና ባለሙያም በየሳምንቱ እንድታነጋግራት አደረገ። እኛ ስግደቱን አነሣንላት፤ በምትኩ ከእኅቷ ጋር በየጠዋቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ተጉዛ እንድትመለስ ብቻ አዘዝናት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ መተኛት ጀመረች። ስለ ልጇ ማውራት የጀመረችው ግን ከዚያም በኋላ ነው። ዛሬም በሙት ዓመቱ ታለቅሳለች፤ ለባለሙያዋም ሆነ ለእኛ የማትነግረው ነገር እንዳላት እናውቃለን፤ አንጠይቃትም። ባለፈው በዓል ከቅዳሴ በኋላ መጥታ፣ «አባቴ፣ ዛሬ የመጣሁት ለኀዘን አይደለም፤ ከእኅቴ ልጅ ጋር ተጣልቻለሁና ሊያስታርቁን ነው» አለችን።